ማስተካከያ፦ ስለ ክሮስማን 760 የአየር ጠብመንጃ ቦልት (ጥይቷን ወደ በርሜሉ የሚገፋው ተንሸራታች ዘንግ) የጻፍኩት

ባለፈው "እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የወጣ ክሮስማን 760 ሁሉ የቦልት ዕቃው አንድ ነው፣ ያገኛችሁትን ግዙ" ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። የፋብሪካውን የመለዋወጫ ስዕሎች አስተያይቼ ሳይ ይሄ በፓምፕ የሚሞላ የአየር ጠብመንጃ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፣ የመጀመሪያዎቹ አካላቸው ብረት ነበር የኋለኞቹ ወደ ፕላስቲክ ሄደዋል፣ ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከስዕሉ ጋር አመሳክሩ። ልኩ ያልሆነ የቦልት ጎሚኒ (አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ከገባ አየሩ በቦልቱ በኩል ወደ ኋላ ያፈተልክና ጥይቷ ጉልበት ታጣለች፣ እናንተ ደግሞ ችግሩ ቫልቩ (የተሞላውን አየር ይዞ የሚለቀው ክፍል) ነው ብላችሁ ሙሉውን ትፈታላችሁ (እኔ ፈትቻለሁ)። በዛው ጽሁፍ ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ንፉበት ያልኩትም ይሰረዝ፣ ጎሚኒ ይበላል፣ የአየር ጠብመንጃ ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። ያዘዛችሁ ካላችሁ ሳትገጥሙ መልሱት።