ቆጣሪው ሲቀየር ከጎኑ ያለውንም እንይ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ አፓርታማ ተከራይቶ የሚኖር የአገራችን ሰው ከጋዝ ኩባንያ ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ ሒሳብ ሳይሆን አሮጌው ቆጣሪ በአዲስ ስለሚተካበት ቀጠሮ ሲሆን እንኳ ወሬው ተመልሶ ወደ ገንዘብ ያደላል። «አዲሱ ቆጣሪ ይሮጣል» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ቀጠሮውን ያራዝማል፤ ሌላው ደግሞ ባለሙያው ደውሎ ሲያንኳኳ በር አይከፍትም።

ወሬው ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። በመኖሪያ ቤቶች የተለመደው የጋዝ ቆጣሪ ውስጡ ሁለት ወናፍ መሰል ክፍሎች አሉት። ጋዙ በተራ እየሞላቸው ሲወጣ እንቅስቃሴያቸው ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ያዞራል፤ መዘውሮቹ ደግሞ ቁጥሩን ያዞራሉ። የእነዚህ ክፍሎች ስስ ሽፋን በዓመታት ብዛት ሲደርቅና ሲያፈስ ከሚያልፈው ጋዝ ጥቂቱ ሳይቆጠር ይቀራል። እንዲህ ያለው ቆጣሪ በደህና ሲተካ ሒሳቡ ከፍ ይላል፤ ይኸውም ቀድሞ በነጻ ይነድ የነበረው አሁን ስለተቆጠረ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ አብልጦ የሚቆጥር አሮጌ ቆጣሪም አለ። የተጠራጠረ ደንበኛ የአሮጌውን የመጨረሻ ንባብና የአዲሱን መነሻ ቁጥር በስልኩ ፎቶ ያንሳ፤ ክርክር ቢመጣ ማስረጃው በእጁ ይሆናል። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም፤ ሰው ሊጨነቅበት የሚገባው ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ዕቃ ነውና።

ዕቃው ሬጉሌተር ይባላል። ከመንገድ ሥር በቧንቧ የሚመጣው ጋዝ ግፊቱ ለቤት የሚሆን አይደለም። ምድጃና ውሃ ማሞቂያ የሚፈልጉት በካሬ ኢንች ሩብ ፓውንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ሬጉሌተሩ ግፊቱን ወደዚያ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በሲሊንደር ጋዝ ያበሰለ ሰው ይህን ዕቃ በእጁ ያውቀዋል፤ በሲሊንደሩ አንገት ላይ ይገጥመዋል፣ ማታ ዘግቶት ይተኛል፣ ጎማው ሲያረጅ ይቀይራል። በአሜሪካ አፓርታማ ግን ሬጉሌተሩ ምድር ቤት ውስጥ በተቆለፈ የቆጣሪ ክፍል ሊሆን ይችላል። ተከራዩ አያየውም፣ አይነካውም፣ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

ነሐሴ 10 ቀን 2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍላወር ብራንች የተባለው የአፓርታማ ግቢ በጋዝ ፍንዳታ ተመታ። ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም መካከል ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። በርካታ ሰዎች ተጎድተው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። አብዛኛው ነዋሪ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነበር። ቦታው ግን የእኛም ሰፈር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የኢትዮጵያውያን ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ቤተ ክርስቲያን የበዛበት ከተማ ነው፤ ብዙዎቻችንም የምንከራየው እንደ ፍላወር ብራንች ያሉ፣ ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ኪራያቸው ሻል ያለ ዝቅተኛ የጡብ ሕንፃዎችን ነው።

አደጋውን የመረመረው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ነው። የአውሮፕላን አደጋ በመመርመር የሚታወቅ መሥሪያ ቤት የጋዝ ጉዳይ ውስጥ መግባቱ ይገርም ይሆናል፤ በአሜሪካ ሕግ በቧንቧ የሚሄድ ጋዝም የሚጓጓዝ ነገር ስለሆነ ነው። ቦርዱ በ2019 በደረሰበት ድምዳሜ የአደጋው ምክንያት በቆጣሪ ክፍሉ ውስጥ የነበረ የሜርኩሪ ሬጉሌተር መበላሸትና የማስተንፈሻ ቧንቧው ሳይገጠም መገኘቱ ነው። ጋዝ ኩባንያው፣ ዋሽንግተን ጋዝ፣ በዚህ ድምዳሜ አልተስማማም።

አሠራሩን መረዳት ከባድ አይደለም። የድሮው ሬጉሌተር ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን የሚያስወጣው ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ፈሳሽ ብረት ባለበት ትንሽ ማጠራቀሚያ በኩል ነው። ከመጠን ያለፈው ጋዝ ሜርኩሪውን ገፍቶ ይወጣና በማስተንፈሻው ቧንቧ ወደ ደጅ ይሄዳል። ቧንቧው ከተነቀለ ግን ደጅ መውጣቱ ይቀርና ጋዙ እዚያው ክፍል ውስጥ ይከማቻል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከአየር ይቀልላልና ወደ ላይ፣ ሰው ወደተኛበት ፎቅ ይወጣል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ብቻውን አያዋጣም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሽታው ነገር ነው። ጋዝ በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው ኩባንያዎች መርካፕታን የሚባል ክፉ ሽታ ያለው ኬሚካል ይጨምሩበታል። የደኅንነቱ ሥርዓት በዋናነት የተመሠረተው በነዋሪው አፍንጫ ላይ ነው ማለት ነው። ማንም በማይገባበት የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ግን የማን አፍንጫ ነው የሚያሸተው? ቦርዱም ሬጉሌተሮቹ ሽታቸው በቀላሉ በማይታወቅበት ቦታ መቀመጣቸው ለአደጋው አስተዋጽኦ ማድረጉን ጽፏል። ያም ሆኖ አፍንጫ ሠርቶ ነበር። ከፍንዳታው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ጋዝ ይሸታል ተብሎ ተደውሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ግቢው መጥተዋል። ምንም ሳያገኙ ተመለሱ፤ ጥሪው ለጋዝ ኩባንያው አልተላለፈም። ነዋሪው የሚጠበቅበትን አድርጓል፤ ቀሪው የሌሎች ድርሻ ነበር።

የቸልታው ታሪክ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ኩባንያው የሜርኩሪ ሬጉሌተሮችን በአሥር ዓመት ውስጥ ለመተካት ያሰበ መሆኑን የጋዝ ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለሜሪላንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ያሳወቀው በ2003 ነው። በዚያ ስሌት ሥራው አደጋው ከመድረሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ኮሚሽኑም በ2020 ኩባንያውን 750,000 ዶላር ቀጣው። ለሰባቱ ሟቾች ቢካፈል ለአንድ ነፍስ 107 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ በዚያው በሲልቨር ስፕሪንግ ደህና ቤት የማይገዛ ገንዘብ። ቅጣት የሚያስተምረው የተቀጪውን ኪስ ሲነካ ነው። ይህኛው ነክቷል ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

በ2021 ሜሪላንድ በአደጋው ግቢ ስም የተሰየመ ሕግ አወጣች፤ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርባቸው ሕንፃዎች ሬጉሌተሮች ከውስጥ ወደ ደጅ እንዲወጡ ይጠይቃል። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ደጅ ያለ ሬጉሌተር ቢያፈስ ጋዙ በነፋስ ይበተናል፤ ምድር ቤት ያለው ሲያፈስ ግን የእሳት ፍንጣሪ ይጠብቃል። ቅሬታዬ ተከራዩ በራሱ ሕንፃ ሥራው መሠራት አለመሠራቱን የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ላይ ነው። ሊፍት ውስጥ የምርመራ ወረቀት ይለጠፋል፤ የእሳት ማጥፊያ ላይ ቀን የተጻፈበት ካርድ ይንጠለጠላል። የጋዙ ክፍል በር ላይ ግን ያለው ቁልፍ ብቻ ነው።

መቀየሩ ራሱ ደግሞ በጥንቃቄ ካልተሠራ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በ2000 በቺካጎ ዳርቻ ባሉ ከተሞች ሠራተኞች የድሮ ሬጉሌተሮችን ሲነቅሉ ሜርኩሪ በየምድር ቤቱ ማፍሰሳቸው ታወቀ። ከ1,000 በላይ ቤቶች ተበክለው ተገኙ፤ ቤቱ እስኪጸዳ ቤተሰቦች ሌላ ቦታ እንዲቆዩ ተደረገ። ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ይተናል፤ ተኑ አይታይም፣ አይሸትም። በቫኪዩም ማሽን የጠረገው ሰው ይባስ ይበትነዋል። ስለዚህ ሬጉሌተር ለመቀየር የመጣን ባለሙያ «የድሮው ሜርኩሪ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

ቆጣሪ ሲቀየር ጋዙ ይዘጋል፤ አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ፍሳሽ መኖር አለመኖሩ ይፈተሻል፤ ከዚያ የውሃ ማሞቂያው፣ የምድጃውና የቤት ማሞቂያው እሳት እንደገና ይለኮሳል። አዋቂ ሰው ቤት እንዲገኝ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። የፈረቃ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ቀን በሆስፒታል የሚውል፣ ይህን ቀጠሮ መያዝ እንደሚቸግረው አውቃለሁ። ለዘመድም ለጎረቤትም አደራ ብሎ በር ማስከፈት ግን ይቻላል። ቀጠሮውን በገፋነው ቁጥር የሚቆየው ቆጣሪው ብቻ አይደለም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ቤት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል፤ ሰውም ጋዝ ቢያፈስ እሱ ይጮሃል ብሎ ይተማመናል። አይጮህም። እሱ የሚያውቀው በደንብ ካልነደደ እሳት የሚወጣውን መርዝ እንጂ ሳይነድ የፈሰሰውን ጋዝ አይደለም። ለዚያ የሚሆነው የሜቴን ጠቋሚ ነው፤ ቦርዱ ከፍላወር ብራንች በኋላ እንዲገጠም ያሳሰበውም እሱን ነው። ወጪው የተከራይ መሆን የለበትም። ሕንፃው የባለቤቱ፣ ጋዙ የኩባንያው ነው፤ ጠቋሚውም በእነሱ ይገዛ።

ከእንግዲህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፤ አማርኛም ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ አውራጃም ለነዋሪው መልእክት በአማርኛ ያዘጋጃል። እንግዲያው በየአፓርታማው መግቢያ ሬጉሌተሩ የት እንዳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈተሸ፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ መቼ እንደሚነሳ፣ ጋዝ ሲሸት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ ወጥቶ ከደጅ ወደ የት እንደሚደወል በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በአማርኛ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ይለጠፍ። የተከራይ ማኅበር ያለበት ሕንፃ ይህን በጽሑፍ ለአስተዳደሩ ማቅረብ ይችላል፤ ማኅበር የሌለበትም ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ፈርመው ቢሰጡ ይበቃል። አስተዳደሩ ዝም ካለ የደብዳቤው ቅጂ ወደ አውራጃው የቤቶች ቢሮና ወደ ሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽኑ ይላክ።