ቻይንኛህ ግሩም ነው!

ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ድንች ልገዛ ገበያ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ እንደ ዳዊት እየደገምኩ ነው የሄድኩት። «ዎ ማይ ቱዶው»፣ ድንች እገዛለሁ፣ በቃ። ሴትዮዋ ባዶ እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ የራሷን የድንች ክምር አየች። ለካ «ማይ» ድምፁ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ መግዛት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ መሸጥ። ለድንች ነጋዴ ድንች ልሸጥላት መምጣቴ ነው እንግዲህ። እሷ ግን አልሳቀችም። አውራ ጣቷን ቀስራ «ቻይንኛህ ግሩም ነው!» አለችኝ።

ደረቴን ነፍቼ 100 ዩዋን መዘዝኩ። አሞሌ ጨው ያወጣሁ ይመስል አየችኝና ሚዛኑ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ሰዉ ሁሉ የሚከፍለው በስልኩ፣ በዊቻት ወይም በአሊፔይ ነው። መልስ የሚሆን ዝርዝር ፍለጋ ሦስት ጎረቤት ዞረችልኝ።

በነገራችን ላይ ይሄን የድምፅ ነገር አላማም። «ማ» እንደ አወጣጡ እናት፣ ፈረስ ወይም መሳደብ ይሆናል፤ ያስቃል። ግን እኛስ? «ገና ገና ነው» ብለን ጽፈን የቱ እንደሚጠብቅ አንባቢ ዕጣ ይጣልበት የምንል ሰዎች አይደለን?

ለኤችኤስኬ፣ ማለትም ለቻይንኛ ችሎታ ፈተና፣ አራተኛ ደረጃ 1200 ያህል ቃላት ሸመደድኩ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ጎዳናውን ወደቅኩ። ሰዉ የሚያወራበትን ቃል መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም። «ኔይጁዋን» የሚሉት ነገር አለ፣ ወደ ውስጥ መጠቅለል እንደማለት። ኮድ ጻፊ የሆነ ጓደኛዬ ሲያስረዳኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ እኔ ግን የገባኝ የሰፈሬ ታክሲ ሰልፍ ትዝ ሲለኝ ነው። አንዱ ቀድሞ ለመሳፈር 12 ሰዓት ይመጣል፣ በማግስቱ ሁሉም 12 ሰዓት ይመጣል፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 10፤ ታክሲው ግን ያው አንድ ነው።

ይሄው ጓደኛዬ «996» ነው የሚሠራው፤ ከጠዋቱ 9 እስከ ማታ 9፣ በሳምንት 6 ቀን። በእኛ ሰዓት ቢሆን 336 ይባል ነበር፣ ድካሙ ያው ነው። በፈረንጆቹ 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ይሄ ሕገወጥ ነው ብሏል። ጓደኛዬ ይህን ያበሰረኝ ከቢሮ ሳይወጣ፣ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያው ዓመት ወጣቱ «ታንግፒንግ» ማለት ጀመረ፤ ተንጋልሎ መተኛት፣ ቤትም ትዳርም እድገትም ይቅርብኝ ማለት። እኛ ሰፈር አንድ ጎረምሳ እንዲህ ቢል እናቱ ጸበል ይወስዱታል።

ወደ ምስጋናው ልመለስ። «ኒሃው» ባልኩ ቁጥር «ግሩም ነው!» እባላለሁ። መምህሯ ሲያደንቁህ «ናሊ ናሊ» በል ብላኛለች፣ ቃል በቃል «የት? የት?» ማለት ነው። እውነትም የት? አንድ ቀን ለጓደኛዬ ስኩራራ ሳያፍር ነገረኝ። «የሚያደንቁህ እኮ ስለማትችል ነው። የሚችለውን ማን ያደንቃል?» ተናደድኩ። ከዚያ ቦሌ ላይ «ሰላም ነው?» ያለውን ፈረንጅ ሁሉ «አንተ! አማርኛ አቀላጠፍከው!» እያልን የምናሞጋግሰው ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ዓመት ታክሲ ተሳፈርኩ። የምወርድበትን ተናገርኩ፣ ሹፌሩ ምንም አላለም። ከየት ነህ አለኝ። «አይሳይኧቢያ» አልኩት። ደሞዝህ ስንት ነው? አገባህ? ለምን አላገባህም? የቤት ኪራይስ? አክስቴ መሪ የጨበጠች መሰለኝ። ቀጥሎ በቀለበት መንገዱ ዞረ፣ ጫማ ሰፊም የሚያውቀውን አቋራጭ ትቶ። አጉረመረምኩ። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ፣ ከተማውን የማውቀው እኔ ነኝ፣ አይ እኔ ነኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝ! ስወርድ ኮዱን ስካን አድርጌ ከፈልኩት፤ በሩን ስዘጋው ገና አፉን አልዘጋም ነበር፣ በጣም ቀስ አድርገህ ዝጋው እያለኝ።