ድምፅ የሌለው ተንታኝ

ስለ ጃፓን ፖለቲካ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የፈለገ፣ ጃፓን ውስጥ የመምረጥ መብት የሌለውን ይጠይቅ። መምረጥ የሚችለው ጃፓናዊ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤዝቦል፣ የቼሪው አበባ ዘንድሮ ምን ያህል ቀድሞ እንደ ፈካ ያወራል እንጂ፣ ለየትኛው ፓርቲ እንደሚያደላ ለጎረቤት ቀርቶ ለሚስቱም መናገሩን እጠራጠራለሁ። ፎቅ ቤታችን ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩኝን አሮጊት አንድ ጊዜ ደፍሬ «ለመሆኑ እርስዎ ማንን ሊመርጡ አሰቡ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው «ከሰዓት በኋላ የሚዘንብ ይመስልዎታል?» አሉኝ። ሰማዩ ላይ ጠብታ ደመና አልነበረም።

እኛ የውጭ ዜጎች ግን በዚህ በኩል የተባረክን ነን። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘው እንኳ ለፓርላማም ሆነ ለወረዳ ምክር ቤት አይመርጥም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 «ለቋሚ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ሕግ ቢወጣ ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም» ብሎ ነበር፤ ሕጉ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ነው። ምርጫ ሲደርስ ፖስተኛው ለአሮጊቷ የምርጫ ጣቢያ መግቢያ ወረቀት፣ ለእኔ የነዋሪነት ግብር ማስከፈያ ይዞልን ይመጣል። አላማርርም። ድምፅ የሌለው ሰው ተሳስቶ የመረጠው ሰው የለውም፤ የሾመው ሚኒስትር ሲሰርቅ አያፍርም። አስተያየቱ አንዳች ነገር ስለማይለውጥ የልቡን ይናገራል።

የልብ ንግግር ለመስማት ደግሞ ካትሱሺካ ወደሚባለው የቶኪዮ ወረዳ መምጣት ነው። ጃፓን ውስጥ ካለነው ጥቂት መቶ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን በዚያ፣ ዮትሱጊ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሰፍረናል። እሑድ ቡና ሲፈላ የሚደረገውን ክርክር የሰማ ሰው መንግሥት ልንመሠርት የተጠራን ነው የሚመስለው። ሰብሳቢያችን እኛ «ሊቀ መንበር» የምንላቸው ጋሼ ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ቀድመው መጥተው ወንበሩን ስለያዙ ነው። የገዢውን ፓርቲ የውስጥ ቡድኖች፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ፣ ማን የማን የልጅ ልጅ እንደ ሆነ በቃላቸው ይዘውታል። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ታሮ አሶ የሌላው ጠቅላይ ሚኒስትር የሺገሩ ዮሺዳ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሺንዞ አቤም የጠቅላይ ሚኒስትር ኖቡሱኬ ኪሺ የልጅ ልጅ ነበሩ፤ ሺንጂሮ ኮይዙሚ ደግሞ ከቤተሰቡ አራተኛው ትውልድ ፖለቲከኛ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ከቆጠሩ በኋላ «ዘውድ የደፋውስ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ዘር የሚቆጥረው ግን ፓርላማው ነው» ብለው ሁለተኛውን ሲኒ ያነሳሉ።

ገዢው የሊበራል ዲሞክራቲክ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ከሥልጣን የወረደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1993 ለአንድ ዓመት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ፣ ከ2009 እስከ 2012 ደግሞ ለሦስት ዓመት። የጋሼ ንድፈ ሐሳብ «ፓርቲውን ተወው፣ ሰውየውን ለውጠው» ይባላል። እውነትም ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተፈራረቁ። አንዱን ስሙን አስተካክለን መጥራት ስንለምድ ሌላው ቃለ መሐላ ይፈጽማል። አቤ ተመልሰው ረጅም ጊዜ ሲቆዩ ያ ነገር ያበቃ መስሎን ነበር፤ እሳቸው በ2020 ሲለቁ ሱጋ መጡ፣ ኪሺዳ መጡ፣ ኢሺባ መጡ፣ በጥቅምት 2025 ደግሞ ሳናኤ ታካኢቺ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የውጭ ዜጋ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ የማያውቀው ነገር ቢኖር የሚቀጥለው የሚለቅበትን ቀን ብቻ ነው።

ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ ታዲያ አንድ ጥያቄ አለው፦ «እነዚህ ሰዎች እኮ ከእኛ እኩል ነበሩ፤ እንዴት ሠለጠኑ?» እዚህ ስለምኖር መልሱ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ሲያረቁ የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው እንደ ነበር እነግራቸዋለሁ። ወረቀቱን ወስደናል፤ ፋብሪካው ግን አብሮ አልተላከልንም። ጃፓኖቹም ያንን ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1947 በሌላ ተክተውታል። «ታዲያ ምስጢሩ ምንድን ነው?» ይላል ደዋዩ። ምስጢሩን ባውቅ ኖሮ የሌሊት ፈረቃ ምን እሠራ ነበር?

የምርጫ ዘመቻው ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። ሕጉ ቤት ለቤት እየዞሩ መቀስቀስን ይከለክላል። ከሚሄድ መኪና ላይ ንግግር ማድረግንም ይከለክላል። ስም መጥራትን ግን ይፈቅዳል! ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና በጠባቡ ሰፈራችን እየተሽከረከረ የአንድ ሰው ስም ይደጋግማል። ስለ ኑሮ ውድነት ምን ያስባል? ስለ ጡረታስ? አይነገርም። ስሙ ይነገራል። ከመስኮቱ ነጭ ጓንት ያጠለቁ እጆች ወጥተው ይወዛወዛሉ፤ ድምፀ መልካሟ ሴት ደግሞ ዘጠና ዲግሪ የጎነበሰች በሚያስመስል ትሕትና ይቅርታ እየጠየቀች ትጮኻለች። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ መኪናው ከሥር አለፈ። ሰላምታ የማይመልስ ሰው እናቴ አላሳደገችምና እጄን አነሳሁ። መኪናው ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ማጉያውም «በሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነው ሞቅ ያለ ድጋፍዎን ስለገለጹልን ከልብ እናመሰግናለን!» አለ። ሰፈሩ በሙሉ ቀና ብሎ አየኝ፤ የአሮጊቷ መጋረጃ ግን ተዘጋ። ዕጩው በመስኮት ብቅ ብሎ ሲጎነበስልኝ አንገቴ ላይ ካልሲ አንጠልጥዬ እኔም ጎነበስሁ። ድምፅ እንደሌለኝ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ሳለ ምን ይባላል?

ስሙን እንዲህ የሚደጋግሙት ግን በከንቱ አይደለም። መራጩ በአብዛኛው ምርጫ ሳጥን ላይ ምልክት አያደርግም፤ የተመራጩን ስም በእርሳስ በእጁ ይጽፋል። ለዚህ ነው ብዙ ፖለቲከኞች ከባዱን የስማቸውን ፊደል ትተው ሕፃናት በሚማሩት ቀላል ፊደል ፖስተር የሚያሳትሙት። ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሁለት ዕጩዎች ቢቀርቡና መራጩ የቤተሰቡን ስም ብቻ ቢጽፍ፣ ያ ድምፅ ሁለቱ ባገኙት መጠን ተሸንሽኖ ይከፋፈላል፤ ውጤቱም ነጥብ ካለው ቁጥር ጋር ይነገራል። አንድ ሰው የአንድ ሰው ድምፅ ሲሶ አግኝቶ ሊያመሰግን ይችላል ማለት ነው። በ2024 የቶኪዮ ገዥ ምርጫ ደግሞ 56 ሰዎች ተወዳደሩ፤ የፖስተር ሰሌዳው የተሠራው ለ48 ነበር። የተረፉት በፕላስቲክ ማኅደር ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ተቆንጥጠው በነፋስ ሲወዛወዙ ከረሙ። እነዚያን ሳይ ራሴን ያየሁ መሰለኝ፤ ሰሌዳው ላይ አሉ፣ ቦታ ግን የላቸውም።

ወደ ሩዙ እንምጣ። በ2025 የሩዝ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው እጥፍ ገደማ ሆነ፤ አምስት ኪሎው ከ4,000 የን አለፈ። እኛ እንጀራ በሊታዎቹ በጤፍ ዋጋ የተገረፍን ስለሆንን ነገሩን በወንድማዊ ሐዘን ተከታተልነው። በዚያ መሐል የእርሻ ሚኒስትሩ ታኩ ኤቶ፣ ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ፣ ደጋፊዎቻቸው እያመጡላቸው ቤታቸው ውስጥ ሊሸጥ የሚችል ያህል ሩዝ እንዳለ በስብሰባ ላይ ተናገሩ። ከሕዝቡ በፊት የተቆጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሩዝ ሲያልቅ የምገዛው እኔ ነኝ ብለው እንደ ገሠጿቸው ሚኒስትሩ ራሳቸው ተናግረዋል። በቀናት ውስጥ ለቀቁ። በእሳቸው ቦታ የተተካው ኮይዙሚ የመጠባበቂያ ሩዝ አውጥቶ በ2,000 የን ገደማ አሸጠ፤ ሰውም ተሰለፈ። የእኔዋ አሮጊት ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ፖለቲካ ተናገሩ። የሩዝ ከረጢታቸውን እያሳዩኝ «ያ ሰውዬ ሚስት ባይኖረው ምን ይበላ ነበር?» አሉ። ከዚያ የደነገጡ መስለው ስለ እርጥበቱ ጨመሩልኝ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ የተካሄደው የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ ግን ለእኛ ልዩ ነበር። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላየን ሰዎች ድንገት አጀንዳ ሆንን። «ጃፓናውያን ይቅደሙ» ብሎ የተነሣው ሳንሴይቶ የሚባለው ትንሽ ፓርቲ 14 መቀመጫ አገኘ። በ2024 መጨረሻ አገሪቱ ውስጥ የነበርነው የውጭ ዜጎች ወደ 3.8 ሚሊዮን ነን፤ ከሕዝቡ ሦስት በመቶ ገደማ። ሦስት በመቶ ሆኖ ይህን ያህል ችግር መፍጠር ብርታት ይጠይቃል። መስከረም ላይ ደግሞ ወይዘሮ ታካኢቺ ለገዢው ፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ፣ የትውልድ ክልላቸው ናራ ውስጥ የውጭ ሰዎች የመናፈሻውን አጋዘኖች እንደሚረግጡ አነሡ። ማስረጃው ምን እንደሆነ ብዙ አከራከረ። እኛ ዘንድ ግን ክርክር አልነበረም፤ ሊቀ መንበር ቡናው ሳይቀዳ «አጋዘኗን የረገጠ አሁኑኑ ይናገር» አሉ። አንዱ ናራ ሄዶ እንደማያውቅ፣ ሌላው ሲሄድ ዝናብ ስለነበር ከባቡር ጣቢያ እንዳልወጣ፣ ሦስተኛው አጋዘኗ ራሷ ብስኩቱን ነጥቃ እንደ ነከሰችው ማለ። ጉዳዩ በይደር ቀረ።

መሪነቱን ባሸነፉ ዕለት ወይዘሮዋ እሠራለሁ የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ደጋገሙት። አንድ ሌሊት ፋብሪካ፣ ቀን ደግሞ ሆቴል የሚሠራ ወንድማችን ይህን በቴሌቪዥን ሰምቶ «አምስት ጊዜ ከማለት ይልቅ ሁለት ቦታ መሥራት ይቀላል» ብሎ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

በዚያ የሐምሌ ምርጫ ድምፅ የሰጠው 58.51 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነው። ከአሥሩ አራቱ ቤቱ ቀረ ማለት ነው። ጋሼ ይህን ቁጥር ሲሰሙ አንጀታቸው ይቃጠላል። «እኛ ጠምቶን እነሱ ያፈሱታል» ይላሉ።

አንድ እሑድ ግን የያዝነውን ትልቅ ሥልጣን ያሳወቁን እሳቸው ናቸው። ሕጉ የውጭ ዜጋ ለፖለቲከኛ ገንዘብ እንዳይለግስ ይከለክላል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሴይጂ ማኤሃራ፣ ወደፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ ሲባልላቸው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ሥልጣናቸውን የለቀቁት በዚሁ ነው። ከልጅነታቸው የሚያውቋቸው፣ ኪዮቶ ውስጥ ሥጋ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት የኮሪያ ዜጋ በዓመታት ውስጥ ሰጥተዋቸው የተገኘው በጠቅላላው 250,000 የን ነበር። «አያችሁ?» አሉ ጋሼ። «ሚኒስትር ማስመረጥ አንችልም። ማውረድ ግን እንችላለን፤ ዋጋውም ከጥቂት ወራት የቤት ኪራይ አይበልጥም።» ወዲያው ባርኔጣ ዞረ። ሰው ሁሉ አምስት አምስት ሺህ የን ጣለ። ሂሳቡ ተቆጠረ፤ በቂ ነበር። ችግሩ የመጣው ማንን እንደምናወርድ ስንነጋገር ነው። አንዱ የገንዘብ ሚኒስትሩን አለ፤ ሌላው የኢሚግሬሽኑን ጉዳይ የያዙትን፤ ቡና የምታፈላው እህታችን «እኔ ማንንም አልጠላም፤ የነዋሪነት ግብሩን የሚተምነውን ሰውዬ ግን አሳዩኝ» አለች። እሱ ደግሞ የወረዳ ሠራተኛ እንጂ ተመራጭ አይደለም። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተከራክረን አልተስማማንም፤ ገንዘቡም ለዕድሩ ገቢ ይሁን ተባለ።

ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን አውጥቶ «ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ፣ የፖለቲካ መዋጮ?» ሲል ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«የቡና ብለህ ጻፍ! ሕገ ወጥ ነገር ውስጥ አታስገባን።»