ሁሉም የሚራመደው ጭፈራ

ፖላንድ ውስጥ ጥር ሲገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥናታቸውን ለአንድ ምሽት አስቀምጠው ለጭፈራ ይለብሳሉ። ማቱራ የሚሉት የመልቀቂያ ፈተና በግንቦት ስለሚሰጥ፣ 100 ያህል ቀን ሲቀረው የሚዘጋጀውን ይህን ድግስ «ስቱድኒዩፍካ» ይሉታል፤ ስሙ «መቶ» እና «ቀን» ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው። ድግሱን የሚከፍተው ፖሎኔዝ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ሦስት ምት ባለው ዜማ ጉልበታቸውን ለስለስ እያደረጉ በረጅም ሰልፍ አዳራሹን ይዞራሉ፤ ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ ይገናኛል፣ የፊተኞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሠሩት ቅስት ሥር የኋለኞቹ ያልፋሉ። ብዙ ጊዜ ከፊት የሚመሩት ርእሰ መምህሩና መምህራኑ ናቸው። (በቀሚሱና በፎቶ አንሺው ወጪ ወላጆች ያማርራሉ፤ በዚህስ ከእኛ አይለዩም።)

እኔን የሚገርመኝ የጭፈራው ቅለት ነው፤ መራመድ የቻለ ሁሉ ይገባበታል። እኛ ዘንድ እስክስታ ትከሻው ለታዘዘለት ነው፤ ያልታዘዘለት ዙሪያውን ቆሞ ያጨበጭባል፤ እኔም አዲስ አበባ ሳድግ በሰርጉም በምርቃቱም ከአጨብጫቢዎቹ ወገን ነበርኩ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሰጥ፣ ቤተሰብ ልጁን መርቆና አልቅሶ ከአውቶቡስ ያሳፍራል፤ መምህሩ የተማሪውን እጅ ይዞ አብሮት የሚራመድበት ሥርዓት ግን የለንም።

ለፖሎኔዝ የሚቀርብብኝ ከስድስት ቀን ጾም በኋላ ሽማግሌውም ወጣቱም በዜማና በጭፈራ የሚያከብሩት የሐረሪዎች ሸዋል ኢድ ነው። ዩኔስኮ ሁለቱንም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአንድ ጉባኤ ላይ በዓለም አቀፍ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯቸዋል።

ፖሎኔዝ መነሻው የገበሬዎች የሰርግ ጭፈራ ነው፤ ወደ መኳንንቱ አዳራሽ የገባው በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1795 እስከ 1918 ፖላንድ ከካርታ ላይ ጠፍታ ስትቆይ ፖሎኔዝ አልጠፋም። ፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሾፓን በ1817 ገና በሰባት ዓመቱ የታተመለት የመጀመሪያ ድርሰቱ ፖሎኔዝ ነበር፤ በ1830 ከአገሩ ወጥቶ ሳይመለስ ቢቀርም ፓሪስ ተቀምጦ ፖሎኔዝ መድረሱን አልተወም። እኛ ስደተኞች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ባለፈው ዓመት በተጠራሁበት ሰርግ ላይ፣ እንደ ልማዴ ግድግዳ ተደግፌ ማጨብጨብ ስጀምር፣ አንዲት አዛውንት እጄን ይዘው ከሰልፉ አስገቡኝ። የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ረግጬባቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም።