ይድረስ ከኋላ ለሚመጡት ባዶ አውቶቡስ

ቁጥር፦ ሰልፉ የደረሰበት
ቀን፦ ነሐሴ፣ ጭቃው ሳይደርቅ
ጉዳዩ፦ ሰኞ ጠዋት ጀርባዎን ስላሳዩን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጎማዎ፣ ፍሬንዎ፣ እነዚያ የሰው ክብደት የማያውቁ ወንበሮችዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ የባሕር ዳር፣ የዓባይ ማዶ ሰልፈኞች ከእርስዎ ናፍቆትና ካበጠው እግራችን በቀር፣ ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ደኅና ነን።

ለመጻፍ ያነሣሣን የሰኞው ጉዳይ ነው። እርስዎ ያለፉበት ስለሆነ ላያስታውሱት ይችላሉ፤ እኛ ግን የቆምንበት ነው።

ከጠዋቱ 1፡10 ላይ ሰልፉ 20 ሰው ነበር። 1፡30 ላይ 40 ሆነ። 1፡50 ላይ የውኃ መውረጃውን ቦይ ተከትሎ ከ60 አለፈ። ቢሮ በ2፡30 ይገባል፤ ካርድ ክፍል ደግሞ ለዘገየ ሰው ያለችው አንዲት ቃል «ነገ» ናት። ዝናቡ ያካፋል። ጃንጥላ ያለው ለሌለው ግማሽ ጥላ አካፍሏል። ይህን ልብ ይበሉልን፦ 40 ደቂቃ ሙሉ ተራ የነጠቀ አንድም ሰው አልነበረም።

1፡52 ላይ ፊተኛው ወንድምዎ መጡ፤ ጢም ብለው። ፌርማታው አፍ ላይ ሦስት ባጃጅ ስለቆመ ወደ ምሰሶው መጠጋት አልቻሉምና ከሰልፉ ጅራት ላይ ቆሙ። እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚከተል ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አሁን የደረሰው አንደኛ ይሆናል፣ 1፡10 ላይ የመጣው መጨረሻ። የ40 ደቂቃው ሥርዓት በአራት ሰከንድ ተገለበጠ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ተባለ፣ ስምንት ሰው ተጠቅጥቆ ገባ። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው ነበር።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ረዳቱም ተቀኘ። «እማማ፣ ይውረዱ፤ ከኋላ ያለው ባዶ ነው!»

ሰሙ ግልጽ ነበር፤ ኋለኛው አውቶቡስ ሰው የለበትም፣ ተቀምጠው ይሄዳሉ። እማማ ወረዱ። ሌሎችም ሙግታቸውን ትተው ተመለሱ፣ ሰልፉም እንደገና ራሱን አበጀ። ወርቁን ያገኘነው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው።

1፡54 ላይ እርስዎ ብቅ አሉ። አቤት ግርማዎ! በመስታወቱ የተሳፈረውን መቁጠር ይቻል ነበር፤ ቆጠርንም፦ ሰባት ሰው። 60 ሰው ወደ አስፋልቱ ዳር አንድ እርምጃ ቀረበ። ሾፌርዎ ጣቱን ወደ ፊት ጠቆመ፣ ወንድምዎን በግራ ቀደሙ፣ ኩሬውን በቀኝ ጎማዎ ረገጡ፣ ሄዱ። ኩሬው ወዴት እንደሄደ እማማን ይጠይቁ፤ ነጠላቸው ላይ ያገኙታል።

አንተ! በስምህ ነው እኮ ከደረጃ ያወረዷቸው። «ባዶ ነው» ብለው ያወረዷቸውን ሴት አሮጌ ውኃ ደፍተህባቸው ሄድህ። ባዶ ሆነህ! ሙሉ ብትሆን ማን ይናገርህ ነበር? ናፍጣው ነድዷል፣ ጎማው ተበልቷል፣ ሾፌሩ ደመወዝተኛ ነው። ሰው ካልጫንህ ሌሊት ተነሥተህ ከዲፖ የወጣኸው ምን ልትሠራ ነው? ወንበር ልታንሸራሽር?

ይቅርታ ክቡር ሆይ፤ ብዕር አምልጦን ነው።

ማለፉ በራሱ ነውር እንዳልሆነ እናውቃለን። ሁለት አውቶቡስ ከተጣበቀ ፊተኛው ሰው ሲያወርድና ሲጭን ኋለኛው ቀድሞ የሚቀጥለውን ፌርማታ መያዙ ደንበኛ የስምሪት ጥበብ ነው። ሁለት ነገር ግን ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የተተወው ሰልፍ ፊተኛው ላይ የሚገባ መሆን አለበት፤ ፊተኛው ከሞላ ሰልፉን ማንሣት ያለበት ኋለኛው ነው። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የሄደው የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ መቆም አለበት። እርስዎ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም ዘለሉ። ምክንያቱን አላጣነውም፤ የሚቆጠርልዎ ምልልስ ነው። የጫኑት ሰው ብዛት አይቆጠር፣ ከፊተኛው ጋር የነበረዎ ርቀት አይለካ። ወረቀቱ ላይ ሰኞ ጠዋት ሁለት የተሳካ ጉዞ ተመዝግቧል፣ አንዱ የእርስዎ ነው።

«መንገዱ ተጨናንቆ ነው» እንዳይሉን። በግንቦት 2016 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ ተሻግረው ነው የሚሄዱት፤ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት። ሰው ለብቻው፣ ብስክሌት ለብቻው፣ መኪና በየአቅጣጫው ሦስት መስመር ተሰጥቶታል። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ እንኳ ከወንድምዎ ጀርባ ተለጥፈው ሲሻገሩ ላየ ሰው፣ ድልድዩ ገመድ ይመስለዋል።

መጣበቅዎ የሚጀምረው ከፌርማታው ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ ተቀምጦ ያደረ ስለሆነ አዲስ ምሥጢር አይደለም። ፊተኛው በአንድ ሰበብ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ሰው ይጨመራል። ሰው በበዛ ቁጥር መጫኛው ይረዝማል፣ ስለዚህ አራት ደቂቃ ይዘገያል፣ ቀጥሎ ስድስት። ኋለኛው ደግሞ ሰው ተለቅሞ ያለቀበት ፌርማታ ስለሚያገኝ ሳይቆም ይገሰግሳል። ሁለቱም ሾፌሮች ምንም ሳያጠፉ ይገናኛሉ። በመሃል ገብቶ የሚለያቸው ከሌለ ደግሞ ከተገናኙ በኋላ አይለያዩም።

አሁን ቁጥሩን ይዩት። በደቂቃ 5 ሰው የሚሰለፍበት ፌርማታ ይሁን፤ በ20 ደቂቃ ሁለት አውቶቡስ፣ 100 ሰው። በየ10 ደቂቃው ከመጡ እያንዳንዳቸው 50 ይጭናሉ፣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። አንዱ ከ18 ደቂቃ በኋላ፣ ሌላው ከ2 ደቂቃ በኋላ ከመጣ ግን ፊተኛው 90 ይጋፈጣል፣ ኋለኛው 10፤ አማካዩ ጥበቃም ወደ 8 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይወጣል። አውቶቡሱ ያው ሁለት፣ ናፍጣው ያው። ይህን ችግር ሌላ አሥር አውቶቡስ ገዝቶ ሪባን መቁረጥ አይፈታውም፤ በሁለት ፈንታ ሦስት ተጣብቀው ይመጣሉ እንጂ።

የሚፈታው ምንድን ነው? አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓትና አንድ ስልክ። ከመስመሩ መካከል ላይ ተሳፋሪ የሚቀንስበት ፌርማታ ይመረጥና ተቆጣጣሪ ይቁም። ፊተኛው ያለፈበትን ደቂቃ ይጻፍ። እርስዎ ከ2 ደቂቃ በኋላ ከመጡ ትንሽ ያቆይዎት፤ 5 ደቂቃ እንኳ ቢሆን ክፍተቱ 7 ይሆናል። ሙሉው እንዲሄድ፣ ባዶው እንዲቆይ ነው፤ 90 ሰው ጭኖ ያለን አውቶቡስ ማቆየት 90 ሰው መቅጣት ነውና። ባዶነትዎ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚጠቅመን ያን ዕለት ነው።

የመነሻው ስምሪትም ሊታረም ይገባዋል። ወረቀቱ 6 አውቶቡስ፣ የ60 ደቂቃ ምልልስ፣ በየ10 ደቂቃ ይላል እንበል። ጠዋት ጠዋት ምልልሱ 72 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ 72ን ለ6 ሲያካፍሉ 12 ነው። «በየ12 ደቂቃ» ብሎ መለጠፍ ምን ያሳፍራል? እውነተኛ 12 ከሐሰተኛ 10 ይሻለናል። ከዚያም ላይ መመለሻው ጋ ጥቂት ደቂቃ ትርፍ ካልተተወ የጠዋቱ መዘግየት ሳይራገፍ እስከ ማታ ይዞራል፤ ሾፌሩም ሽንት ቤት የሚሄድበት ጊዜ አያገኝም። እሱንም እንዘንለት፣ ሰው ነው።

መጫኛው ላይ ደግሞ አንዱ 500 ብር ያወጣል፣ ትኬት ቆራጩ «ዝርዝር የለም» ይላል፣ በሩ ይታነቃል። በሰው 5 ሰከንድ ቢሰላ 40 ሰው 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። ሰው ቀድሞ ከፍሎ በሁለት በር በ2 በ2 ሰከንድ ቢገባ 40 ሰከንድ ይበቃዋል። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለዚህ ሲባል የመስታወት ቱቦ የመሰለ ፌርማታ ሠርታ፣ ሰው ከፍሎ እዚያ ይጠብቃል፤ ወለሉም ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው። እኛ መስታወት አልጠየቅንም። ትኬት ቆራጩ ቦርሳውን አንጠልጥሎ 40 ደቂቃ የቆመው ሰልፍ ውስጥ ቢዘዋወር ይበቃናል። ጊዜ እንደሆነ ሞልቶናል።

ባጃጆቹን በተመለከተ እርስዎን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። 12 ሜትር አውቶቡስ እንደ ባጃጅ ተጣጥፎ አይገባም፤ ከራሱ ርዝመት ሌላ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። ሦስት ባጃጅ አፉን ከያዘ ጎንዎን ከጠርዙ ማስተካከል አይችሉም፣ መሃል መንገድ ይቆማሉ፣ እማማ ከአስፋልት ወደ ደረጃ ከፍ ብለው መውጣት አለባቸው፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይታገዳል፣ ከታገዱትም አንዱ ሌላው አውቶቡስ ነው። ባጃጁም የሚቆመው ሰልፍ ስላለ ነው፣ ሰልፉም ያለው እርስዎ ስለሌሉ። ቢመጡ እኮ ለራሱም ገበያ አጥቶ ይሄድ ነበር! ቢጫ መስመር ቀብቶ መሄድ የትም አላደረሰንም። ለባጃጆቹ 30 ሜትር ወደ ፊት የራሳቸው መቆሚያ ይሰጣቸው፤ ማንም ከሚበላበት ቦታ እንዲሁ አይነሣም።

መብራት ያለበት ፌርማታም ከመስቀለኛው ማዶ ይዙር። አሁን አረንጓዴው ሲበራ ሰው ይጭናሉ፣ ጭነው ሲጨርሱ ቀይ ነው።

ስለማይከፈተው መስኮት፣ ስለ ታፔላዎና ስለ መድረሻዎ አለመተዋወቅ፣ ጣሪያው ስለሄደው የፌርማታ መጠለያ ሌላ ቀን እንጽፋለን። «ወራጅ አለ!» ሲባል ስለማይሰማው የኋላ በርዎ ግን ዝም አንልም፤ ወራጁ በፊት በር ከሚወጣው ጋር ሲጋጭ የሚጠፋው ደቂቃ የእኛ ነው።

እማማ በዚያች ሰኞ ካርድ ክፍል አልደረሱም። ከሌሎች ጋር ስድስት ሆነው ባጃጅ ተጋሩ፤ ለሦስት የተሠራ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ሰልፈኞቹ

ግልባጭ፦
ለስምሪት ክፍል፣ ምልልስ ቆጥረው ሲጨርሱ
ለሦስቱ ባጃጆች፣ እዚያው ቆመው ያገኙታል
ለፊተኛው አውቶቡስ፣ የእርስዎ ደብዳቤ ከኋላ ይመጣል፤ ባዶ ነው