ስለ አሚጋ ኳስ

ስለ አሚጋ የቤት ኮምፒውተር የቀረበው ጽሑፍ በማሽኑ ስክሪን ላይ ለማሳያ የምትነጥረውን ኳስ «ውብ ሥዕል» ብሎ ብቻ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። ቁም ነገሩ ያለው ከሥዕሉ ጀርባ ነው። ቀይና ነጭ ካሬ ያለባት ያቺ ኳስ ስትሽከረከር ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ እንደገና አይስላትም። የሚለዋወጠው የቀለም ሰንጠረዡ ነው፤ ቀዩ በነጩ፣ ነጩ በቀዩ በየተራ ሲተካ ዓይን መሽከርከር ያያል። መንጠሩንም ቢሆን በአብዛኛው የሚሸከመው የምስል ቺፑ ነው። ስለዚህ 7 ሜጋኸርዝ ገደማ የሚሮጠው ሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር ለሌላ ሥራ ሰፊ ጊዜ ይተርፈዋል።

እዚህ ላይ ነው ካርል ሳሰንራዝ የጻፈው የአሚጋ ሥርዓተ ክወና እምብርት፣ «ኤግዜክ»፣ የሚመጣው። የፕሮሰሰሩን ጊዜ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍለው እሱ ራሱ ነው፤ አንዱ በፈቃዱ እስኪለቅ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1985 በ256 ኪሎባይት ሜሞሪ ለገበያ የቀረበ የቤት ኮምፒውተር ይህን መቻሉ ዛሬም ያስደንቀኛል! ኳሷ እየነጠረች ስክሪኗን በማውስ ወደ ታች ሲጎትቷት ከኋላዋ ሌላው ሥራ ብቅ ይላል። እርግጥ ሜሞሪውን የሚለይ አጥር ስላልነበረ አንድ ብልሹ ፕሮግራም ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቅ ነበር።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ ስለተባሉት ቺፖች በሰፊው ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።