ቆጠራ ላይ ነኝ

ሰሞኑን አምስት ሆነን ተቀምጠን የጀመርነው ጨዋታ ክርክር ሆኖ አረፈው። እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከአምስታችን ሦስታችን በክርና በጨርቅ የምንሠራ ነን። አንዷ ትሸምናለች። ታላቃችን ጥልፍ ይጠልፋሉ። እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያገጣጠምኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር እሰፋለሁ። የቀሩት ሁለቱ ወንዶች ናቸው። የአንደኛው ሚስት እንደ እኔ ጨርቅ ትገጣጥማለች። ሌላኛው መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ወዳጃችን ነው።

ወሬውን ያነሳችው ሸማኔዋ ናት። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። የሽመና መሣሪያዋ ሳሎን ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሌላ ቦታ የለም። አንድ ቀን ድር ስታደራ፣ ማለትም የጨርቁን የቁመት ክሮች ስታዘጋጅ ዋለች። 240 ክር ነው። ድር ማድራት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቆጠራ ነው። ቁጥሩ እንዳይጠፋባት በየ10 ክሩ ሌላ ቀለም ያለው ክር ታስርበታለች። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በተራው መሣሪያው ላይ ማሳለፍ አለ። አንዱ ተራውን ከዘለለ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል።

«አራት ጊዜ ተጠራሁ» አለች። «አንዴ ካልሲ ጠፋ ተብሎ። አንዴ ቻርጀር። አንዴ 'የት ነሽ?' ለማለት ብቻ። አራተኛውን አላስታውሰውም።»

በማግስቱ አንድ ስንዝር ያህል እንደሸመነች ስህተቱ ታያት። እንዲህ ያለ ስህተት የታየበት ቦታ ላይ አይቀርም። ድሩ ላይ ነውና ከጨርቁ ጫፍ እስከ ጫፍ አብሮ ይሄዳል። የሸመነችውን ፈታች። ከስህተቱ ወዲያ ያለውን ክር በሙሉ አውጥታ እንደ አዲስ አሳለፈች።

«ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ» አለች። «ለክሩ አይደለም። ሲጠሩኝ ማንም 'ሥራ ላይ ናት' አላለም።»

ታላቃችን በእርጋታ ነበር የመለሱላት። «የኔ ልጅ፣ የመረጥሽው ሥራ ነው ያስቸገረሽ። መርፌ ያዢ። እኔ አራት ልጅ ያሳደግሁት መርፌ ይዤ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ እነሳለሁ። ስመለስ እዚያው ትጠብቀኛለች። ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ጠልፌያለሁ። ልጅ ሲታመም አልጋው አጠገብ ሆኜ ጠልፌያለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ቅርጫታቸውን አይቼዋለሁ። ክዳን አለው። መርፌዎቹን ከመጀመራቸው በፊትና ሲጨርሱ ይቆጥራሉ፤ የጎደለች ካለች ወለሉን በማግኔት ይዳስሳሉ። ለረጅም ሰዓት ከተነሱ ጨርቁን ከማስወጠሪያው ቀለበት ያወጡታል፤ ካልወጣ ክቡ ምልክት ይቀርበታል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ዕድሜ ልክ ጠልፈው አንድም ልጅ በመርፌ አልተጎዳባቸውም። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

አንባቢው ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «እ.ኤ.አ. በ1970 ጁዲት ብራውን የምትባል አንትሮፖሎጂስት አጭር ጽሑፍ አሳትማ ነበር» አለ። «በብዙ ማኅበረሰብ ለሴቶች የሚተወው ሥራ ልጅ ከመጠበቅ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው ትላለች። ከቤት የማያርቅ፣ ልጅን ለአደጋ የማያጋልጥ፣ ብዙ ሐሳብ ሳይጠይቅ የሚደጋገም፣ ሲያቋርጡት የማይበላሽና ሲመለሱ ካቆሙበት የሚቀጥል። የጨርቅን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች በኋላ ይህን ወስደው መፍተልና መሸመን በብዙ ቦታ ለምን የሴት ሥራ እንደሆነ አስረዱበት።»

«ይኸው!» አሉ ታላቃችን።

ሸማኔዋ ግን ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ብዙ ሐሳብ የማይጠይቅ? በቃ፣ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። መፍተል ልክ ነው፣ ይቋረጣል። ማግ መወርወርም ይቋረጣል፤ ያኔ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ። ድር ሳደራ ግን እንዴት ይቋረጣል? ቀለም ስመርጥስ? አሁን ያላችሁት ነገር ተቋርጦ የሚቀጥል ሥራ ብቻ ሥሪ ማለት ነው። የራሴን ሐሳብ መቼ ልሥራው?»

በዚህ መሀል ነው ባለትዳሩ ወዳጃችን የገባው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያሰበውን ነው የተናገረው። «እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ልንገራችሁ» አለ። «ቤት ውስጥ ያለው ሰዓት የታወቀ ነው። እሷ ሁለት ሰዓት ወስዳ በር ስትዘጋ ያ ሁለት ሰዓት ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኔ ነው የተወሰደው። እኔም የምወደው ነገር ነበረኝ። ልጅ ሲመጣ ተውኩት። የትርፍ ጊዜ ሥራ በትርፍ ጊዜ ይሠራል፤ ሌላ ምን አለው?»

ዝም ተባለ። ታላቃችን ወደ እሱ ዞሩ። «ልጄ፣ ሚስትህ ትርፍ ጊዜ አላት?»

ትንሽ አሰበ። «የላትም» አለ። ሳያድበሰብስ መመለሱን ወደድኩለት።

ያም ሆኖ አልለቀቀም። «ታዲያ ትልልቆቹ አርቲስቶች እንዴት አደረጉት? ወይ ቤት፣ ወይ ጥበብ አይደለም እንዴ?»

አይደለም አለው አንባቢው። የሩት አሳዋን ታሪክ አነሳ። አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ ሽቦን እንደ ዳንቴል እያቆላለፉ ቅርጫት የሚሠሩ ሰዎችን አይታ ሙያውን ቀሰመች። ከዚያ በዚያው ዘዴ ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ ቅርጾችን ሠራች። ስድስት ልጆች አሳድጋለች። ልጆቿ ዙሪያዋን ከበዋት እየሠራች የተነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ።

«ልጆቹ መሀል!» አሉ ታላቃችን በደስታ።

«እሷም የምታያይዘው ቀለበት በቀለበት ነው» አለች ሸማኔዋ። «ያ ይቋረጣል አልኩ እኮ።»

ቀጥሎ የሐና ሪገን ነገር መጣ። እሷ ኖርዌይ ውስጥ ከባሏና ከልጇ ጋር እርሻ ላይ ትኖር ነበር። ሱፉን ራሷ ትፈትል፣ ከዕፅዋት ቀለም እያወጣች ታቀልም ነበር። ንድፍ አስቀድማ ወረቀት ላይ አትሥልም፤ መሣሪያው ላይ ተቀምጣ እያሰበች ነው የምትሸምነው። ጣልያን አገራችንን ስትወርር እ.ኤ.አ. በ1935 «ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችውን ትልቅ ሥራ ሸመነች። ሥራው በ1937 ፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ቀረበ። የሙሶሊኒ ራስ በጦር የተወጋበት ክፍል ግን እንዳይታይ ተደርጎ ነበር። ይህን ሁሉ የሸመነችበትን መሣሪያ የሠራላት ሠዓሊ ባሏ ነው።

ባለትዳሩ ወዳጃችን ቀና አለ። «ራሱ ነው የሠራላት?» ብሎ ጠየቀ። ከፓሪሱም ከሙሶሊኒውም ይልቅ ልቡን የነካው ይኼ ነበር።

እኔም ዝም ብዬ አልቀረሁም። ፓሪስ ትኖር የነበረችውን ሠዓሊ ሶንያ ደሎኔን አነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ1911 ወንድ ልጅ ወለደች። ለሕፃኑም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ሰፋችለት። ያ ብርድ ልብስ ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። በቀለም ብቻ ወደምትሥልበት መንገድ የመራትም እሱ እንደሆነ ይነገራል። ልጅና ጥበብ እንደማይጣሉ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ነበር ያመጣሁት።

«እሷ ስትሰፋ ሕፃኑን ማን ይዞት ነበር?» አለች ሸማኔዋ።

መልስ አልነበረኝም። ብርድ ልብሱን በፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይህን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ክርክሩን የለወጡት ታላቃችን ናቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ጥልፍ አስቀመጡት። «አንድ ነገር ልንገራችሁ» አሉ። «እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት የራሴን ንድፍ ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ልጆቹ ዘመድ ጋር ሄደው ቤቱ ባዶ ነበር። ሌላው በሙሉ ሰው የሣለውን ነው የጠለፍኩት። አበባውም የሰው ነው፣ ወፉም የሰው ነው። መርፌዋ ጠብቃኛለች፤ ሐሳቡ ግን አይጠብቅም።»

ከዚያ በኋላ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው የለም።

እኔ ከሸማኔዋ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ልናገር። የእኛ ሥራ ብዙው ክፍሉ ስለሚቋረጥ ማቋረጡ ምንም እንደማያጎድልብን ይታሰባል። ሰው ስልክ ላይ ሲያወራ ካየን ድምፃችንን ቀንሰን እናልፋለን። ሰው ክር ይዞ ካየን ግን እንጠራዋለን። «አንዴ አስቀምጪው» እንላለን። እኔንም ብዙ ጊዜ ብለውኛል፤ እኔም ሌላውን ብያለሁ። የጨርቅ ሥራ ለማቋረጥ የተመቸ ስለሆነ፣ ያ ምቾት በሠራተኛዋ ላይ ይቆጠራል።

የራሴን ልንገራችሁ። መስፋቱን የትም እሰፋዋለሁ፤ ልጅ እያወራኝም ቢሆን። ቀለም ማሰማማት ግን ሌላ ነው። አርባና ሃምሳ ቁራጭ ወለል ላይ እዘረጋለሁ። በቀን ብርሃን መሆን አለበት፤ ማታ በአምፖል የተስማማው ሰማያዊና አረንጓዴ ጠዋት ሲያዩት ይጣላል። አንዱን ሳነሳ የሌላው መልክ ይቀየራል። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓይኔ ውስጥ መያዝ አለብኝ። ከተጠራሁ ቁራጮቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ግን ሄዷል። ሰው ረግጧቸው እንዳያልፍም ልሰበስባቸው እገደዳለሁ። አሁን አሁን ከመሰብሰቤ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። የቁራጮቹን ቦታ ይመልስልኛል። እዚያ ያደረሰኝን ስሜት ግን አይመልስም።

ማቅለምም እንደዚሁ ነው። ጨርቅ ቀለም ውስጥ ከገባ በኋላ ካላገላበጡት ይዥጎረጎራል። አጠገቡ ልጅ መኖር የለበትም። የሚቀቀልበት ድስትም ማማሰያውም ለምግብ መዋል የለባቸውም። ቀለሙ የተፈጥሮ ነው ማለት ቀለም የሚያስይዘው ጨው አይጎዳም ማለት አይደለም። እንደዚህ ያለውን ሥራ ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ሳሎን ልሠራው አልችልም። ቅርጫቱን እየናቅሁ አይደለም። ሺላ ሂክስ የምትባል አሜሪካዊት የክር አርቲስት አለች። ትልልቅ ሥራዎቿ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ሆኖም በየሄደችበት በምትይዛት ትንሽ ማስወጠሪያ እጅግ ብዙ ትንንሽ ሽመናዎች ሠርታለች። ትንሹም ሥራ ሥራ ነው። ቅርጫቱ ለሁሉም ይበቃል ሲባል ግን አልስማማም።

ሸማኔዋንም በአንድ ነገር ተከራክሬያታለሁ። በሩ በየቀኑ ይዘጋልኝ ብላ ነበር። በየቀኑ አያስፈልጋትም። እሷ ረጅም ድር አድርታ ሳምንታት ትሸምናለች። ማድራቱና ክሩን ማሳለፉ ሁለት ቀን ቢፈጅባት ነው። በዓመት ሲደመር ጥቂት ቀናት ናቸው። ከቤተሰቡ የምትጠይቀው ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን እሷ ራሷ ቆጥራ ብትነግራቸው፣ እምቢ የሚል ሰው ማፈሩ አይቀርም። ለባለትዳሩ ወዳጃችንም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከአንተ ተወሰደ የምትለው ሰዓት በዓመት ስንት እንደሆነ ሚስትህን ጠይቃት። ደግሞም የተውከውን ነገር መልሰህ ጀምር፤ እሷም ለአንተ በር ትዝጋልህ። አንዳችሁ ስለተዋችሁ ሌላችሁ መተው አለባችሁ የሚል ስሌት አይገባኝም።

ሸማኔዋ አሁን ቀይ ጨርቅ አለቻት። ስትቆጥር መሣሪያው ላይ ትሰቅላታለች። ሐሳቡ የታላቃችን ነው። ልጆቹ በአንድ ቀን ለመዱት። ትንሹ በሩ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ «ቆጠራ ላይ ነች» እያለ አባቱን ይመልሳል አሉ። አባትየው ለመልመድ ትንሽ ፈጅቶበታል፤ ግን ለምዷል።

የታላቃችን ነገር ግን አሁንም አልተውኩትም። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ቤታቸው ባዶ ነው። አሁንም የሰው ንድፍ ነው የሚጠልፉት። «እጄ ለምዶ ነው» ይላሉ። ባለፈው ስሄድ ምንም ያልተሣለበት ነጭ ጨርቅ ይዤላቸው ሄድኩ። አጣጥፈው ቅርጫቱ ውስጥ ከተቱት። ሦስተኛውን ንድፍ እስካይ ድረስ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ።